በረኪናን በውኃ ጠርሙስ ሽጠን እናትን አንክሰስ

የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ረዘም ይላል። ቆጣ ብዬም ስለጻፍኩት አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የምንነጋገረው ስለ ማሸጊያ ነው፤ ስለ ጠርሙስ፣ ስለ ፌስታል፣ ስለ ክዳን። «ሐኪምን ከማሸጊያ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ።

ልጁ ሦስት ዓመት አልሞላውም። እናቱ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ከሳፋው አጠገብ እስከ ግማሽ የተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ ቆሟል። ልጁ ሲሯሯጥ ቆይቶ ውኃ ጠምቶታል። ጠርሙሱን አነሳ፣ ተጎነጨ፣ ጮኸ። ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ከንፈሩ አብጧል፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት አገጩ ላይ ይወርዳል። አያቱ ያስመልሰው ብለው ጣታቸውን ጉሮሮው ድረስ ከትተዋል፤ ወተትም በላይ በላዩ ግተውታል።

በክፍሉ የነበረ ሰው ሁሉ እናቲቱ ላይ ወረደባት። እኔም አልቀረሁም፤ «እንዴት ልጅ በሚደርስበት ታስቀምጪያለሽ?» አልኳት። አልመለሰችልኝም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ይዛው የመጣችውን ጠርሙስ አንስቼ አየሁት። የውኃው ፋብሪካ ወረቀት እንኳ አልተላጠም፤ የምንጭ ውኃ መሆኑን ይናገራል። ልጁ ማንበብ ቢችል ኖሮ የሚያነበው «ውኃ» የሚል ነበር።

እኔ ደግሞ ማወቅ የፈለግሁትን ከጠርሙሱ ላይ ላገኝ አልቻልኩም። በረኪናው ምን ያህል ጠንካራ ነው? ማን አመረተው? መቼ? ሌላ ምን ተቀላቅሎበታል? ሕክምናው የሚወሰነው በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው፤ ጠርሙሱ ግን የሚነግረኝ ስለ ውኃ ብቻ ነው።

ይህ ልጅ ተርፏል፤ ከቀናት በኋላ እየሳቀ ወጥቷል። ሁሉም እንዲህ አይሆንም። ጠንካራ ኬሚካል የጠጣ ልጅ ጉሮሮው በጠባሳ ጠቦ እህል አላሳልፍ ሊል ይችላል፤ በየጊዜው በመሣሪያ እየተለጠጠ የሚያድግ ልጅ አለ። ነጭ ጋዝ የጠጣ ልጅ ደግሞ ጋዙ ወደ ሳንባው ገብቶ ትንፋሽ ያሳጣዋል።

ያን ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው የተቆጣሁት የማይገባትን ሰው መሆኑ ገባኝ። እናቲቱ በረኪናውን ከሱቅ ስትገዛ በዚያው ጠርሙስ ነው የተሰጣት። ያንን ጠርሙስ የመረጠው ሌላ ሰው ነው፤ ለንግዱ ሲል፣ አስቦበት፣ ርካሽ ስለሆነ።

ጠርሙሱ ከየት መጣ?

ሁላችንም እናውቀዋለን። ቆራሌው በየሰፈሩ «ሃይላንድ ያለው!» እያለ ይዞራል። የተሰበሰበው ጠርሙስ ይሸጣል። በረኪና ወይም ፈሳሽ ሳሙና በጀሪካን የሚያመጣ ወይም ቤቱ የሚበጠብጥ ሰው ይገዛውና ይሞላዋል፣ በዚያው በሰማያዊው ክዳን ይዘጋዋል፣ ለየሱቁ ያከፋፍላል። ባለሱቁ ከታሸገው ውኃ አጠገብ፣ አንዳንዴም እዚያው መደርደሪያ ላይ ያቆመዋል።

በአንኮበር ወረዳ ከጎረቤላ ቁልቁል እስከ አልዩ አምባ፣ ወደዚህም በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች፣ ገበሬው ደግሞ የአረም መድኃኒት በተመሳሳይ ጠርሙስ ተቀንሶለት ይገዛል። የነቀዝ ኪኒን ከቆርቆሮው ወጥቶ በደብተር ወረቀት ተጠቅልሎ በፍሬ ይሸጥለታል። ያ ኪኒን እርጥበት ሲነካው መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ጥብቅ ማሸጊያ የተሠራለት ለዚህ ነው። ከማሸጊያው ያወጣው ሰው አደጋውን አብሮ ፈትቶ ነው የሸጠው። ገበሬው ግን ወስዶ ልጆቹ ከሚተኙበት ክፍል ውስጥ ጆንያው ላይ ያስቀምጠዋል።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሐበሻ ቢራና ዳሸን ቢራ እዚሁ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ አላቸው። ባዶ ጠርሙስ ሰብስበው፣ አጥበው፣ ፈትሸው፣ የራሳቸውን መለያ ለጥፈው፣ በማሽን ከድነው ነው የሚያወጡት። ለቢራ እንዲህ የምንጠነቀቅ ከተማ፣ ጉሮሮ ለሚያቃጥል ኬሚካል ያገለገለ የውኃ ጠርሙስ ይበቃዋል እንዴት እንላለን?

ክዳን ቀይሮ ልጆችን ያዳነ ሐኪም

«ልጅ ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ ማሸጊያው ምን ያደርጋል?» የሚል መልስ ሁሌም ይመጣል። ለዚህ አንድ የሥራ ባልደረባዬን ታሪክ ልንገራችሁ፤ ባልደረባ ያልኩት በሙያ ነው።

ዶ/ር ሄንሪ ብሮ በካናዳ ኦንታሪዮ፣ ዊንድዘር በምትባል ከተማ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። የቤት ውስጥ መድኃኒት እየዋጡ የሚመጡ ሕፃናትን ማከም ሰለቻቸው። ወላጆችን መከሩ፣ አስተማሩ፤ ልጆቹ መምጣታቸውን አላቆሙም። ከዚያ ጥያቄውን ቀየሩት፤ «እናቶች ለምን አይጠነቀቁም?» ማለታቸውን ትተው «ይህን ክዳን ልጅ ለምን በቀላሉ ይከፍተዋል?» አሉ። እ.ኤ.አ. በ1967 በመዳፍ ተጭነው ካላዞሩት የማይከፈት ክዳን በአካባቢያቸው ሥራ ላይ ዋለ። በዚያ አካባቢ የሕፃናት መመረዝ 91 በመቶ ቀነሰ። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1970 መርዛማ የቤት ዕቃዎችና መድኃኒቶች ልጅ በማይከፍተው ማሸጊያ እንዲሸጡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች።

የዊንድዘር እናቶች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀድሞው የበለጠ ጠንቃቃ ስለሆኑ አይደለም ልጆቹ የዳኑት። እናት እንቅልፍ ይጥላታል፣ ጎረቤት ይጠራታል፣ ወጥ ያርባታል። ጥሩ ክዳን ግን እናት ዞር ባለች ጊዜም ሥራውን ይሠራል።

«ድሃ ነጋዴ ምን ያድርግ?»

ይህ ክርክር ይከብደኛል፤ ምክንያቱም እውነት አለበት። በረኪና በጥብጣ ልጆቿን የምታስተምር እናት ታክሜባታለሁ የምትለኝ ታካሚዬ ናት። ሥራዋ እንዲዘጋ አልፈልግም። ግን በሒሳብ እንነጋገር።

በረኪና ብርሃንና ሙቀት ይፈራል። ብርሃን በሚያሳልፍ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ የዋለ በረኪና ቀን በቀን ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ የሃይላንድ ጠርሙስ ልጅን ከማሳሳቱም ሌላ ደንበኛዋ የከፈለችበትን ዕቃ ያበላሻል። ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም ጠርሙስ ውስጥ የተሞላ በረኪና ግን ለረጅም ጊዜ ያጸዳል፣ ደንበኛ ይመልሳል።

ወፍራም ጠርሙስ ውድ ነው? አዎ። መፍትሔውን ግን አያቶቻችንም እኛም እናውቀዋለን፤ ለቢራና ለለስላሳ ባዶ ጠርሙስ ይዘን እንሄዳለን ወይም መያዣ እንከፍላለን። በረኪናም እንዲሁ ይሁን። «በረኪና» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት፣ ቅርጹም ቀለሙም ከውኃ ጠርሙስ የተለየ ዕቃ መያዣ አስከፍላችሁ ስጡ፤ ደንበኛ ሲመልሰው አጥባችሁ በረኪና ብቻ ሙሉበት። ወጪው ለአንድ ጊዜ ነው። ለአንድ አምራች ከከበደ አምስት ሆናችሁ በጋራ ግዙ።

«እስካሁን ምን ሆንን?» ለሚሉት ደግሞ መልሴ አጭር ነው። የሆነው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ስለሆነ አላያችሁትም።

የምግቡስ ማሸጊያ?

ወደ ምግብ ስመጣ ልክ እንዳላጋንን እጠነቀቃለሁ። አንድ ቀን ትኩስ ሽሮ በፌስታል ይዛችሁ ገብታችሁ በልታችሁ ከሆነ ነገ ካንሰር ይዟችኋል ማለት አይደለም። በረኪናው በደቂቃ ይጎዳል፤ የምግብ ማሸጊያ ጉዳት ዝግተኛ ነው፣ በየቀኑ የሚጠራቀም። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ ትኩስ ነገር እንወዳለን። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። «እንግዲያው አይጎዳም» እንዳትሉ፤ የውኃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፕላስቲክ ከ70 ዲግሪ ጀምሮ ይለሰልሳል። ሻይ ስትቀዱበት የሚጨማደደው ለዚህ ነው። ሳምቡሳና የድንች ጥብስ የሚወጣበት ዘይት ደግሞ 170 ዲግሪ ይደርሳል። ቅባትና ሙቀት አንድ ላይ ሲሆኑ ከፕላስቲኩ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች ወደ ምግቡ እንዲሻገሩ በር ይከፍታሉ። ጥቁርና ባለቀለም ፌስታል ብዙ ጊዜ ካገለገለ ፕላስቲክ ዳግም ቀልጦ የሚሠራ ነው፤ ቀድሞ ምን እንደነበረ ገዢው ሊያውቅ አይችልም።

«እሺ፣ በወረቀት እንጠቅልለው» ተባለ። በየትኛው ወረቀት? በጋዜጣ፣ በተጻፈበት ደብተር፣ በተማሪ የፈተና ወረቀት። ይህ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። የኅትመት ቀለም የተሠራባቸው ዘይቶችና ማቅለሚያዎች ትኩስና ቅባታማ ምግብ ሲነካቸው ይለቃሉ። የሕንድ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 ምግብ በጋዜጣ እንዳይጠቀለል አስጠንቅቋል፤ እነሱም እንደኛው የመንገድ ዳር ጥብስ የሚወዱ ሕዝቦች ናቸው። ወረቀቱ ስንት እጅ፣ ስንት ወለል እንደነካም አስቡት።

ደግሞ አንድ ልማድ አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያልፈው መንገድ ላይ አውቶቡስ ሲቆም ቆሎና ኦቾሎኒ ይቀርባል። ሻጩ ጣቱን በምራቁ ያርሳል፣ ፌስታሉን ይለያል፣ አፉን በአፉ «እፍ!» ብሎ ይነፋዋል፣ ከዚያ ቆሎውን ይሞላል። ጉንፋን ይኑርበት፣ ሳል ይኑርበት ማን ያውቃል? ትንፋሹን አሽጎ ነው የሸጠላችሁ።

አረቄና ዘይትንም አልረሳኋቸውም። አልኮልና ቅባት ከውኃ በላይ ፕላስቲክን ይመጣሉ። ለአንድ ጊዜ ውኃ ተብሎ የተሠራ ጠርሙስ፣ ወራት ሙሉ አረቄ እንዲይዝ አልተሠራም። ለአረቄና ለማር መስታወት ይሻላል፤ ቢያንስ ታጥቦ ይጠራል።

የቀድሞ ሰዎቻችን ለዚህ ጉዳይ ከእኛ የበለጠ ጠንቃቆች ነበሩ። ለወተት ቅሉን በወይራ ያጥኑታል፤ የወተቱ ቅል ሌላ ነገር አይነካውም። ለጠላ ጋን፣ ለመንገድ አገልግል ነበራቸው። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን የሚወጣ ሰው ስንቁን በአገልግል ይዞ ይወጣ ነበር። ወደዚያ ዘመን እንመለስ አልልም፤ ዕቃን እንደሚይዘው ነገር መምረጥ ባህላችን እንደነበር ግን ላስታውሳችሁ።

ሕጉ ፌስታልን ከለከለ፤ ቀጥሎስ?

አዋጅ ቁጥር 513/1999 ስስ ፌስታልን ለመግታት ከወጣ ብዙ ዓመት ሆነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ ተጠቅመን የምንጥለውን ፌስታል የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ደስ ይላል። ነገር ግን ክልከላ ብቻውን ማሸጊያ አይሆንም። ነጋዴው ነገ ምን ይጠቀም? ካልነገርነው ጋዜጣውን ያነሳል። የከተማ አስተዳደሩ፣ የንግድና የጤና ቢሮዎች ቅጣት ከመሰብሰባቸው በፊት ለአነስተኛ አምራቾች የማሸጊያ ሥልጠናና የጋራ ማሽን ቢያቀርቡላቸው ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ይሆናል። መርዝን በውኃ ጠርሙስ መሸጥን ግን አንድ ቀንም ቢሆን መታገሥ አይገባም።

ለአምራቾችና ለነጋዴዎች፤ ይህን ምረጡ

1. በረኪና፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ የአረም መድኃኒት፦ የምግብና የመጠጥ ዕቃ በፍጹም አይሁን። ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም ጠርሙስ፣ ተጭነው የሚያዞሩት ክዳን፣ ስሙ፣ ጥንካሬው፣ የተመረተበት ቀንና የአምራቹ ስልክ የተጻፈበት መለያ ይኑረው። ማንበብ ለማይችል ሰው የአደጋ ምልክት ይታተምበት።

2. ትኩስ ምግብ፦ ከፕላስቲክ ዕቃው ሥር በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ። 1 የውኃ ጠርሙስ ነው፤ ሙቀት አይችልም። 6 የተባለው ነጩ ፎምም ለትኩስ ቅባት አይሆንም። ከፕላስቲክ ሙቀት የተሻለ የሚችለው 5 ነው። ከሁሉም የሚሻለው ግን ደንበኛው ይዞት የመጣው ምሳ ዕቃ ወይም ሳህን ነው፤ ለዚያ ዋጋ ቀንሱለት።

3. ጥብስና ዳቦ፦ ያልታተመበት፣ ለምግብ የተሠራ ንጹሕ ወረቀት። ጥብሱን መጀመሪያ በወንፊት አጥልሉት፣ ትንሽ ይብረድ።

4. የልጆች ምጥን፣ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፦ ከወፍጮ እንደወጣ ትኩሱን አታሽጉ። በእኛ ብርድ ሌሊት ሙቁ ዱቄት በላስቲኩ ውስጥ ላብ ያወጣል፤ ላቡ ሻጋታ ያመጣል። ኦቾሎኒና በቆሎ የገባበት ምጥን ከሻገተ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖርበት ይችላል፤ ቢቀቀልም አይጠፋም። በደንብ አቀዝቅዛችሁ፣ በወፍራም ላስቲክ፣ ቀን ጽፋችሁ አሽጉ።

5. ማሽኑ፦ በሻማ ማሸግ ይቅር። ሻማ አንዱን ጥግ ያሳርራል፣ ሌላውን ክፍት ይተዋል፣ ጥላሸትም ያስገባል። በእጅ ተጭነው የሚያሽጉበት አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማሸጊያ ለጀማሪ ይበቃል። ስትገዙ ሦስት ነገር ፈትሹ፦ የምታሽጉት ላስቲክ ከማሽኑ አፍ ስፋት እንዳይበልጥ፤ እንደ ላስቲኩ ውፍረት ሙቀቱን የሚያስተካክል ቁልፍ እንዲኖረው፤ የሚቃጠለው ሽቦና ጨርቁ መለዋወጫ እንዲገኝለት። አሽጋችሁ ስትጨርሱ ከረጢቱን ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ጨምቁት፤ አረፋ ካወጣ አልታሸገም።

6. ላስቲክ ለመክፈት፦ እስትንፋስ ክልክል ነው። በደረቅ ንጹሕ እጅ አሹት፣ ይከፈታል።

ለወላጆች

ገበያው እስኪስተካከል ልጆቻችን አይጠብቁንም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤታችሁን ዙሩ። በውኃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ በረኪና፣ ነጭ ጋዝ፣ የአረም መድኃኒት ካለ ሌላ ዕቃ ፈልጉለት፤ እስከዚያው ቆልፉበት። ከሱቅ ስትገዙ ደግሞ «በውኃ ጠርሙስ ከሆነ አልገዛም» በሉ። አንድ ሰው ሲል ባለሱቁ ይስቃል፤ አሥር ሰው ሲል አከፋፋዩን ይጠይቃል።

አደጋው ከደረሰ፦
- አታስመልሱት። ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣ ዳግም ያቃጥላል፤ ነጭ ጋዝ ከሆነ ሳንባ ይገባል።
- ሎሚ፣ ኮምጣጤ አትስጡ፤ ወተትም ሆነ ውኃ በግድ አትጋቱ።
- አፉን በውኃ አጥቡ። በረኪና ከሆነ፣ ልጁም ንቁ ሆኖ መዋጥ ከቻለ ጥቂት ውኃ ቀምሶ ይቅር። ነጭ ጋዝ ከሆነ በአፉ ምንም አትስጡት።
- ዓይኑን ከነካው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ አጥቡ፤ የነካውን ልብስ አውልቁ።
- «እስኪ እንየው» ብላችሁ አትቆዩ፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ።

ለዚያች እናት በመጨረሻው ቀን ይቅርታ ጠየቅኋት። «የኔ ጥፋት ነው ዶክተር» አለችኝ። አይደለም ብያታለሁ። ጠርሙሱን የሞላ፣ ያከፋፈለ፣ የሸጠ፣ አይቶ ዝም ያለ ሁሉ ድርሻ አለው፤ እኔም ጭምር፣ ስንት ዓመት «ልጅሽን ጠብቂ» እያልኩ ስለ ጠርሙሱ አንድ ቃል ሳልጽፍ የቆየሁት።

እናንተ አካባቢ በረኪና በምን ይሸጣል? በአስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ። ሱቅ ላላችሁ፣ ሱቅ ያለው ዘመድ ላላችሁ ሁሉ ይህን ጽሑፍ ሼር አድርጉት።